የዮሐንስ ኬፕለር ሕይወትና የስምንት ደቂቃ ስሕተት

በፊዚክስ ትምህርታችን ውስጥ የዮሐንስ ኬፕለር ስም ከሦስት አጫጭር ሕጎች ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሕጎቹን በቃል ለማጥናት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ እነርሱን ለማግኘት ግን አንድ ሰው ዐሥራ ስምንት ዓመት ደክሟል። ያም ሰው በጤናው ደካማ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ከአገር ወደ አገር የተሰደደ፣ ደመወዙን በወቅቱ ያላገኘ፣ እናቱም በጥንቆላ ተከስሳ ለእሳት የታጨችበት ሰው ነበር። ስለዚህ የዚህን ሊቅ ታሪክ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ። ስለ ሰውየው ዘመን የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ኬፕለር የተወለደው ዲሴምበር 27 ቀን 1571 ዓ.ም. ዛሬ ጀርመን በምንለው አገር፣ ቫይል ደር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አያቱ የከተማይቱ ከንቲባ የነበሩ የተከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ቤተ ሰቡ ግን እያደር እየደኸየ ሄደ። አባቱ ሃይንሪሽ በደመወዝ ለሰው አገር ጦርነት የሚዘምት ወታደር ነበር፤ እየሄደ እየተመለሰ ከቈየ በኋላ፣ ልጁ ገና ወጣት ሳለ፣ በሄደበት ቀረ። እናቱ ካታሪና ቅጠል እየበጠሰች፣ ሥር እየማሰች ለጎረቤቶቿ መድኃኒት የምትቀምም፣ ነገር ሲመጣባትም ዝም የማትል ሴት ነበረች። ይህ ጠባይዋ ኋላ ምን እንዳመጣባት እናያለን። ኬፕለር በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ታሞ ከሞት ቢተርፍም፣ በሽታው ዐይኑን አድክሞ እጆቹንም ጎድቶ ተወው። በ1577 ዓ.ም. በሰማይ ላይ ትልቅ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ እናቱ ከፍ ካለ ቦታ ወስዳ አሳየችው፤ ያን ጊዜ ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዐይኑ የደከመው ይህ ልጅ የሰማይን ነገር ከሰው ሁሉ አብልጦ እንደሚያይ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

በቩርተምበርግ መስፍን ግዛት አእምሯቸው ብሩህ ሆኖ የተገኘ የድኾች ልጆች በመንግሥት ወጪ የሚማሩበት ሥርዐት ነበር። ኬፕለርም በዚህ ዕድል ተጠቅሞ በ1589 ዓ.ም. ቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሐሳቡ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ለመሆን ነበር። ነገር ግን እዚያ ሚካኤል ሜስትሊን የሚባል የሥነ ፈለክ መምህር አገኘ። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ምድር በመካከል ቆማ ፀሐይና ፕላኔቶች ይዞሯታል ብለው ያስተምሩ ነበር። ኮፐርኒከስ በ1543 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ምድርም እንደ ሌሎቹ ፕላኔቶች ፀሐይን ትዞራለች ቢልም፣ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ሜስትሊን ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበር፤ ኬፕለርም ትምህርቱን ከእርሱ ተቀብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1594 ዓ.ም. ግራትስ በምትባል በኦስትሪያ አገር ባለች ከተማ የሒሳብ መምህር እንዲሆን ተላከ። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች መጡለት፤ በሁለተኛው ዓመት አንድም አልመጣ። ኬፕለር ሲያስተምር እየፈጠነ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ስለሚዘል የሚከተለው አልነበረም ይባላል። (ክፍላቸው አንዳንድ ቀን ባዶ የሚሆንባቸው መምህራኖቻችን በዚህ ቢጽናኑ ደስ ይለኛል።) ሆኖም ከዚያው ክፍል ውስጥ፣ በ1595 ዓ.ም. በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣለ ሳለ፣ አንድ ሐሳብ መጣለት። በዚያ ጊዜ የሚታወቁት ፕላኔቶች ምድርን ጨምሮ ስድስት ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ አምስት ነው ማለት ነው። ፊቶቻቸው ሁሉ እኩል የሆኑ ጠጣር ቅርጾችም አምስት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ፈጣሪ የፕላኔቶችን ርቀት የለካው በነዚህ ቅርጾች ነው ብሎ አመነ፤ በ1596 ዓ.ም.ም መጽሐፍ ጻፈበት።

ሐሳቡ ውብ ቢሆንም እውነት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ፕላኔቶች የት እንደሚገኙ ለማስላት ብቻ ሲደክሙ፣ ኬፕለር ግን ለምን እዚያ ሆኑ፣ የሚያንቀሳቅሳቸውስ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሥነ ፈለክን ከፊዚክስ ጋር ያጋባው ይህ ጥያቄው ነው። ያን መጽሐፍም ለታላላቅ ሊቃውንት ስለ ላከው፣ ከነርሱ አንዱ የነበረው ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ የወጣቱን ችሎታ ተረዳ።

ቲኮ ሌላ ዐይነት ሰው ነበር፤ መኰንን፣ ባለጠጋ፣ ቍጡ፣ በወጣትነቱ በሰይፍ ሲዋጋ አፍንጫው ተቈርጦ ከብረታ ብረት የተሠራ አፍንጫ የሚያደርግ ሰው። ይሁን እንጂ በሥራው የሚስተካከለው አልነበረም። ቴሌስኮፕ ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ በዐይኑና በትልልቅ የብረትና የእንጨት መለኪያዎች ብቻ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሄቭን ደሴት ተቀምጦ የፕላኔቶችን ቦታ ሌሊት በሌሊት መዝግቧል። መለኪያዎቹ ቢሳሳቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። እዚህ ላይ ደቂቃ ስንል የሰዓት ደቂቃ ሳይሆን የማእዘን ደቂቃ ማለታችን ነው፤ አንዲት ዲግሪ ለስልሳ ስትከፈል አንዱ ክፍል ደቂቃ ይባላል። ሙሉ ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር ስትለካ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ናት።

ቲኮ ከዴንማርክ ንጉሥ ጋር ተጣልቶ ወጥቶ፣ በፕራግ ከተማ የንጉሠ ነገሥቱ የዳግማዊ ሩዶልፍ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ነበር። ኬፕለር በ1600 ዓ.ም. ሊጎበኘው ሄደ። በዚያው ዓመት ግራትስን የሚገዛው አርክዱክ ፈርዲናንድ ፕሮቴስታንቶች ወይ ካቶሊክ እንዲሆኑ ወይ አገሩን ለቀው እንዲሄዱ ስላዘዘ፣ ኬፕለር ሚስቱን ባርባራንና ዕቃውን ጭኖ ተሰደደ፤ መድረሻውም ቲኮ ዘንድ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች አብረው በቈዩበት አጭር ጊዜ መጣላትና መታረቅ አላጡም። ቲኮ መዝገቡን እንደ ወርቅ ሣጥን ይቈልፍበት ነበርና በገበታ ላይ ጥቂት ጥቂት ብቻ ይነግረው ነበር። ነገር ግን አንድ ሥራ ሰጠው፤ ይኸውም የማርስን መንገድ ማስላት ነው። ከፕላኔቶች ሁሉ ለሊቃውንት አልገዛ ያለችው ማርስ ነበረች። ኬፕለር በስምንት ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎ ተወራረደ፤ የፈጀበት ግን አምስት ዓመት ያህል ነው። ቲኮም ኦክቶበር 24 ቀን 1601 ዓ.ም. ሞተ፤ ኬፕለርም በሹመቱ ተተካ፤ ወራሾቹ ልብ ሳይሉ መዝገቡን በእጁ አደረገ።

የማርስ ነገር አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ከጥንት ከግሪኮች ጀምሮ፣ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል፣ የሰማይ አካል የሚሄደው ፍጹም በሆነ ክብ መንገድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኮፐርኒከስ እንኳ ፀሐይን ወደ መካከል ሲያመጣ ክቡን አልተወም። ኬፕለርም ሥራውን በክብ ጀመረ። ከቲኮ መዝገብ አራት የማርስ ቦታዎችን ወስዶ፣ በነርሱ የሚያልፍ ክብ እየሞከረ፣ እያፈረሰ፣ እንደገና እየሠራ ሰባ ጊዜ ያህል አሰላ። የሒሳብ መኪና በሌለበት፣ ሎጋሪትም ገና ባልታተመበት ዘመን ነው ይህ ሁሉ። በመጨረሻ ተሳካለት፤ ክቡ ከቲኮ ልኬቶች ጋር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተስማማ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ መጽሐፉን ወደ ማተሚያ ቤት ይልክ ነበር። ኬፕለር ግን ክቡን በሌሎች ልኬቶች ደግሞ ፈተነው፤ ስምንት ደቂቃ ተሳሳተ። ስምንት ደቂቃ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ከቲኮ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ልኬታቸው ራሱ በዐሥር ደቂቃ ይሳሳት ስለ ነበር፣ ይህችን ያህል ልዩነት ከቍጥር አይጽፏትም ነበር። ነገር ግን ቲኮ ስምንት ደቂቃ እንደማይሳሳት ኬፕለር ያውቃል። ልኬቱ ትክክል ከሆነ የተሳሳተው ክቡ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ የደከመበትን ሥራ ጣለው። በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያገኘው ቍጥር ከመጽሐፉ ቍጥር ጥቂት ሲለይ በላጲስ የሚያስማማ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋምና፣ ይህን የኬፕለርን ሥራ ረጋ ብሎ ማሰብ የሚጠቅም ይመስለኛል። የሁለት ሺህ ዓመት እምነት የፈረሰው በዚያች በስምንት ደቂቃ ነው።

እንደገና ሲጀምር መጀመሪያ የምድርን የራሷን መንገድ ለማወቅ ፈለገ፤ ማርስን የምናይባት ምድር ራሷ የምትንቀሳቀስ ናትና። ለዚህ ያገኘው ዘዴ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ማርስ ፀሐይን ዞራ ወደ ነበረችበት ቦታ የምትመለሰው በ687 ቀን ነው። ምድር ግን በዚያ ጊዜ ሁለት ዙር ለመፈጸም 43 ቀን ያህል ይቀራታል። እንግዲህ በ687 ቀን ልዩነት የተደረጉ ልኬቶችን ብንወስድ፣ ማርስ በአንድ ቦታ እንደ ተተከለች ምሰሶ ትሆንልናለች፤ ምድር ግን በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ናት። መሬት የሚለካ ሰው አንድ ምልክት ከልዩ ልዩ ቦታ እያየ ርቀት እንደሚያገኝ፣ ኬፕለርም ማርስን ምልክት አድርጎ የምድርን መንገድ ለካ። ሰው የሚኖርባትን ዓለም ከሌላ ፕላኔት ሆኖ እንደ መለካት ያለ ነገር ነው።

ከዚህም ሥራ፣ ዛሬ ሁለተኛ ብለን የምናጠናውን ሕግ መጀመሪያ አገኘው። ፕላኔት ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች፤ ከፀሐይ እስከ ፕላኔቲቱ የተዘረጋ መስመር ቢኖር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል። ለምሳሌ ምድራችን ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በእኛ አቈጣጠር በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ርቀቷ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቷም በሴኮንድ 30.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰኔ መጨረሻ ገደማ ርቀቷ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን ፍጥነቷ ወደ 29.3 ይወርዳል። የደጋ አገር ሰው የታኅሣሥን ውርጭ ስለሚያውቅ፣ ብርዱ የሚመጣው ከፀሐይ ስለ ራቅን እንዳልሆነ ከዚህ ይረዳል።

ሁለተኛው እርምጃ የመንገዱን ቅርጽ ማግኘት ነበር። ክብ ካልሆነ ምን ይሁን? ኬፕለር እንቍላል የመሰለ ቅርጽ ሞከረ፤ አልሆነም። ሌላም ሌላም ሞከረ። በ1605 ዓ.ም. በመጨረሻ መንገዱ ኤሊፕስ መሆኑን አረጋገጠ፤ ፀሐይም የምትገኘው በመካከሉ ሳይሆን በአንደኛው ፎከስ ላይ ነው። ኤሊፕስ ለመሥራት ሁለት ምስማር በጣውላ ላይ መትቶ፣ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ክር በሁለቱ ላይ አጥልቆ፣ በእርሳስ ክሩን ወጥሮ መዞር ነው፤ ምስማሮቹ ያሉበት ቦታ ፎከስ ይባላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመጻሕፍት የሚሣለው እጅግ የተለጠጠ ሥዕል ሰውን ያሳስታል። የማርስን መንገድ በትክክል ብንሥለውና ረጅሙ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አጭሩ ስፋት ከርሱ የሚያንሰው በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዐይን የሚያየው ሁሉ ክብ ነው ይላል። ኬፕለር ከክብ የለየው ያችን ከሚሊ ሜትር ያነሰች ልዩነት ነው። ይህ ሁሉ የተጻፈበት አዲሱ ሥነ ፈለክ የሚባለው መጽሐፉ በ1609 ዓ.ም. ታተመ።

ከዚህ በኋላ መከራው ተከታተለ። በ1611 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጁ ፍሪድሪሽ በፈንጣጣ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ባርባራም ሞተች። ጌታው ሩዶልፍ ሥልጣኑን በወንድሙ ተነጥቆ በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ። ኬፕለር ሁለት ልጆቹን ይዞ ሊንትስ ወደምትባል ከተማ ሄዶ መምህር ሆነ፤ በ1613 ዓ.ም.ም ሱዛናን አገባ። ለቤቱ ወይን ሲገዛ ነጋዴው በበርሜሉ ውስጥ ዘንግ ሰድዶ ብቻ ልኩን ሲናገር አይቶ ነገሩ አልዋጥለት ስላለ፣ ስለ በርሜሎች ይዘት አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያ መጽሐፍ ኋላ ለተገኘው ለካልኩለስ ሒሳብ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

በ1618 ዓ.ም. መጀመሪያ ትንሽ ሴት ልጁ ሞተችበት። በዚያ ኀዘን መካከል ሆኖ የዓለምን ስምምነት ወደሚመረምርበት መጽሐፉ ተመለሰ፤ ማርች 8 ቀን አንድ ሐሳብ መጣለት፣ በስሌት ስሕተት ምክንያት ጣለው፣ ሜይ 15 ቀን እንደገና አስልቶ እውነት ሆኖ አገኘው። ሦስተኛው ሕግ ይህ ነው፤ ፕላኔት ፀሐይን የምትዞርበት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቍጥር፣ ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቍጥር ጋር ለሁሉም በአንድ ልክ ይሄዳል። አንባቢ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። የምድር ርቀትና ዓመት 1 ቢባል፣ የማርስ ርቀት 1.524፣ ዓመቷም 1.881 ነው፤ ሁለቱም ስሌቶች 3.54 ይሰጣሉ። የጁፒተር ርቀት 5.20፣ ዓመቷ 11.86 ነው፤ ሁለቱም 141 ገደማ ይሰጣሉ። ኬፕለር ይህን ስምምነት ባገኘ በስምንተኛው ቀን፣ በፕራግ የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት በመስኮት ተወረወሩና ጀርመንን ያወደመው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ተጀመረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ አንድ ነገር መግለጥ ያስፈልጋል። ኬፕለር ሕጎቹን በትክክል ቢያገኝም፣ ምክንያታቸውን በትክክል አላገኘውም። ከፀሐይ እንደ ማግኔት ያለ ኃይል ወጥቶ፣ ፀሐይ ስትሽከረከር ፕላኔቶችን ከኋላ እየገፋ ያዞራቸዋል ብሎ ያምን ነበር። የሚገፋው ነገር ካቆመ የሚሄደውም ይቆማል የሚል የጥንት ሐሳብ ስለ ያዘው ነው። ዛሬም ብዙ ተማሪ ልቡ የሚያዘነብለው ወደዚሁ ነው፤ ጋሪ ካልተገፋ ይቆማልና።

መልሱን የሰጠው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው። በ1684 ዓ.ም. ኤድመንድ ሃሌይ ወደ ኬምብሪጅ ሄዶ፣ የፀሐይ ስበት ርቀት በራሱ በተባዛ ልክ እየቀነሰ ቢሄድ የፕላኔት መንገድ ምን ቅርጽ ይኖረዋል ብሎ ቢጠይቀው፣ ኒውተን ኤሊፕስ ነው አለው። ከዚያ ጥያቄ የተወለደው ታላቁ መጽሐፉ በ1687 ዓ.ም. ታተመ። በኒውተን ትምህርት ፕላኔትን ከኋላ የሚገፋ ምንም ነገር አያስፈልግም፤ ያልተነካ ነገር በያዘው አቅጣጫ በቀጥታ ይሄዳል። የስበት ኃይል ሥራ ከዚያ ቀጥተኛ መንገድ እያጠፈ ወደ ፀሐይ መሳብ ብቻ ነው። ጨረቃን እንመልከት። ከምድር እምብርት ያላት ርቀት የምድር ሬዲየስ 60 እጥፍ ያህል ስለ ሆነ፣ ስበቱ እዚያ ዘንድ በ60 ጊዜ 60፣ ማለት በ3,600 ይቀንሳል። ከእጃችን የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሴኮንድ 4.9 ሜትር ይወድቃል፤ ይህ ለ3,600 ሲካፈል 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በእርግጥም ጨረቃ በእያንዳንዱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስትሄድ፣ ወደ ምድር 1.4 ሚሊ ሜትር ትወድቃለች። ዘወትር እየወደቀች መሬት የማትነካው፣ ወደ ጎን በምትሄደው ልክ ምድር ከሥሯ ስለምትታጠፍ ነው።

በዲሴምበር 2019 ዓ.ም. ከቻይና የተመጠቀችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የተጓዘችው በዚሁ ሕግ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ስትዞር ስበት የሌለበት ቦታ ደርሳ አልነበረም፤ በዚያ ከፍታ የምድር ስበት እኛ ከቆምንበት ምድር ስበት ከመቶ 83 ያህል ነው። የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ ይዞ ለሚያሰላ ሰው የዙሯ ጊዜ 97 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ኬፕለር እንመለስ። በሌኦንበርግ ከተማ የሚኖሩት እናቱ ከ1615 ዓ.ም. ጀምሮ በጠንቋይነት ይታሙ ነበር። አንዲት ጎረቤት ከእርሳቸው ቤት መጠጥ ጠጥቼ ታመምሁ አለች። ከዚያ በኋላ እግሩ የሸመቀቀው፣ ከብቱ የሞተችበት፣ ልጁ የታመመበት ሁሉ ምክንያቱን እኚህ አሮጊት ላይ አገኘ። ሰው መከራው ሲጠናበት ጎረቤቱን መጠርጠሩ በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ በሽታ አይደለም። በኦገስት 1620 ዓ.ም. ሌሊት በሴት ልጃቸው ቤት ተይዘው፣ ሰው እንዳያይ በሣጥን ተደርገው ወጡ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ሲሆን በሰንሰለት ታስረው ዐሥራ አራት ወር ቈዩ።

በዚያ ዘመን በጥንቆላ የተከሰሰን ዘመድ መርዳት ራስን ማስጠርጠር ነበር፤ ከገዛ ወንድሞቹ እንኳ ነገሩን ለመሸሽ የፈለጉ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅ ግን ሥራውን አቋርጦ፣ ከሊንትስ ተነሥቶ መጣ፤ የእናቱ ጠበቃም ሆነ። የመከላከያውን ጽሑፍ ላነበበ ሰው ይህ የማርስን መንገድ የመረመረው ብዕር መሆኑ ግልጽ ነው። እያንዳንዱን ምስክርነት ለብቻው ወስዶ፣ የታመመው ሰው በሽታ በተፈጥሮ ከምን ሊመጣ እንደሚችል፣ ምስክሮቹም የት የት ላይ እንደሚጋጩ አሳየ። ዳኞቹ በመጨረሻ አሮጊቷን ወደ ማሠቃያው ቤት ወስደው መሣሪያዎቹን በዐይናቸው እንዲያዩና እንዲናዘዙ አዘዙ። እርሳቸው ግን ያላደረግሁትን አልናዘዝም ብለው ጸኑ። በኦክቶበር 1621 ዓ.ም. ነፃ ተለቀቁ፤ በሚቀጥለው ኤፕሪል ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ኬፕለር የቀረው ትልቅ ሥራ ለቲኮ የገባው ቃል ነበር፤ ይኸውም የፕላኔቶችን ቦታ ለብዙ ዓመት የሚያስታውቅ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። በ1626 ዓ.ም. ሊንትስ በዐመፀኞች ገበሬዎች ስትከበብ ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ ጽሑፉ ግን ዳነ። ኡልም ወደምትባል ከተማ ይዞት ሄዶ በራሱ ገንዘብ በ1627 ዓ.ም. አሳተመው፤ በሟቹ ንጉሠ ነገሥት ስምም የሩዶልፍ ሠንጠረዦች አለው። ይህን ሁሉ ሲሠራ የመንግሥቱ ግምጃ ቤት የብዙ ዓመት ደመወዙን አልከፈለውም ነበር። በ1630 ዓ.ም. መኸር ንጉሠ ነገሥቱና መሳፍንቱ ወደ ተሰበሰቡበት ወደ ሬገንስቡርግ፣ በብርድ፣ በደከመ ፈረስ ተጓዘ፤ ያልተከፈለውን ገንዘብ ነገር ሊያስፈጽም ነው። እንደ ደረሰ ትኵሳት ይዞት ኖቬምበር 15 ቀን በ58 ዓመቱ ሞተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ከተማይቱ ዘንድ ደርሶ የተቀበረበትን መካነ መቃብር ስላፈረሰው፣ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

ሳይሞት በፊት ግን ከሠንጠረዡ አስልቶ፣ በኖቬምበር 1631 ዓ.ም. ሜርኩሪ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። ከዚያ በፊት ይህን በእርግጥ ያየ ሰው የለም። በተባለው ወር በሰባተኛው ቀን ፈረንሳዊው ፒየር ጋሳንዲ በፓሪስ በጨለመ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ በወረቀት ላይ እያሳረፈ ይጠብቅ ነበር። ደመናው ገለጥ ሲል በምስሉ ላይ አንዲት እጅግ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አየ። ከጠበቀው እጅግ ስላነሰችበት መጀመሪያ የፀሐይ ነቍጥ ናት ብሎ አለፋት፤ ደግሞ ሲለካት ግን ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ አገኛት።